ላተራንን ማን አፈረሰው? ስለ ቦሮሚኒ እድሳት ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የሮማው ጳጳስ መንበር ስለሆነው ስለ ቅዱስ ዮሐንስ ዘላተራን ባዚሊካ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ወጥቷል። ክሱ በአጭሩ እንዲህ የሚል ነው፦ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከፕሮቴስታንቶች ጋር በገባችበት ፉክክር፣ ለፕሮቴስታንቶች መልስ ለመስጠት በ16ኛው መቶ ዘመን በተሰበሰበው በትሬንት ጉባኤ ትእዛዝ፣ የመካከለኛውን ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ባሮክ የሚባለውን የ17ኛው መቶ ዘመን ጌጠኛ የሕንፃ ስልት አለበሰቻቸው፤ እስከ 1646 ድረስ እንደተሠራ የኖረውን ላተራንንም አርክቴክቱ ፍራንቼስኮ ቦሮሚኒ አፍርሶ በወርቅና በግዙፍ ሐውልት የተሞላ የትያትር መድረክ አደረገው፤ ከጥንቱ የተረፈ ነገር የለም፤ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የተረፈውን ያዳኑት የ19ኛው መቶ ዘመን አዳሾች ስለሆኑ ባሮኩ ዛሬም ተልጦ ሊወርድ ይገባል። ጸሐፊው በመጨረሻ ይኸው እጅ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ እኛም ዘልቆ እንደነበረ ይናገራሉ። ዓመታቱን ሁሉ እሳቸው እንዳደረጉት በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ጸሐፊው ለጥንታዊ ሕንፃ ያላቸው ተቆርቋሪነት የሚመሰገን ነው። ሆኖም ነጥቦቻቸው አንድ በአንድ ሲታዩ አንዳንዱ ከዘመኑ ጋር፣ አንዳንዱ ከሠሪው ማንነት ጋር፣ አንዳንዱ ደግሞ ማንም ወደ ባዚሊካው ገብቶ በዓይኑ ሊያየው ከሚችለው ነገር ጋር አይገጥምም። በእኔ ግምት የቦሮሚኒ ሥራ ሊወድቅ የተቃረበን ሕንፃ በአዲስ አካል ውስጥ አስቀምጦ የማቆየት ሥራ ነበር። ይህን ስል የጠፋ ነገር የለም ማለቴ አይደለም፤ የጠፋውን በቦታው እጠቅሰዋለሁ።

ከትእዛዙ እንጀምር። የትሬንት ጉባኤ ስለ ቅዱሳት ሥዕላት የደነገገው በታኅሣሥ 1563 ባደረገው 25ኛውና የመጨረሻው ስብሰባ ነው። በዚያ የተወሰነው ሥዕል ምእመናንን እንዲያስተምር፣ ከነውርና ከአጉል እምነት የራቀ እንዲሆን፣ ያልተለመደ ሥዕልም ያለ ጳጳሱ ፈቃድ እንዳይሰቀል ነው። ስለ ዓምድ፣ ስለ ቅስት፣ ስለ ጣሪያ ወይም አሮጌ ሕንፃ በአዲስ መልክ ስለ መሥራት የተባለ አንድም ነገር የለም። የሕንፃውን ጉዳይ በዝርዝር ያነሡት የሚላኖው ሊቀ ጳጳስ ካርሎ ቦሮሜዮ ሲሆኑ፣ እሳቸውም በ1577 ባወጡት መመሪያ በጥንታውያኑ የሮማ ባዚሊካዎች የሚታየውን የመስቀል ቅርጽ ይመርጣሉ፤ ክቡን ቅርጽ የአረማውያን ቤተ መቅደስ ልማድ ነው ብለው ወደ ጎን ያደርጉታል። የፀረ ተሐድሶው፣ ማለትም ካቶሊኮች ለፕሮቴስታንቶች በሰጡት መልስ የተነሣው እንቅስቃሴ፣ ዋና የሕንፃ መመሪያ ፊቱን ያዞረው ወደ ጥንቱ ነበር ማለት ነው።

ዘመኑም አይገጥምም። በሮማ በጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ላይ ከተፈጸመው የማፍረስ ሥራ ሁሉ የሚከፋው ከንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ጊዜ ጀምሮ የቆየው የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ መፍረስ ነው። ያን የጀመሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጁሊየስ 2ኛ በ1506 ነው፤ ማርቲን ሉተር ተቃውሞውን ያሰማው ደግሞ በ1517 ነው። ሉተር አፉን ከመክፈቱ 11 ዓመት በፊት የተጀመረ ሥራ ለሉተር የተሰጠ መልስ ሊሆን አይችልም። ፍጻሜው በእርግጥ በፀረ ተሐድሶው ዘመን ደረሰ፤ በ1605 የተሾሙት ጳውሎስ 5ኛ ቆሞ የቀረው የአዳራሹ ክፍል እንዲፈርስ ሲወስኑ ግን የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ካርዲናል ቼዛሬ ባሮኒዮ ራሳቸው ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበሩ። የባዚሊካውን ሰነዶች ይጠብቅ የነበረው ጃኮሞ ግሪማልዲም የሚፈርሰውን መቃብር፣ መሠዊያና ሥዕል ሁሉ እየመዘገበ አቆይቶልናል። በጊዜው የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጥንቱ ደንታ ቢስ ነበሩ የሚለውን ሐሳብ ይህ ብቻውን ያናጋዋል፤ ከዚህ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት በኋላ በላተራን ላይ የተላለፈውን ውሳኔም ያለዚህ መረዳት የሚቻል አይመስለኝም።

ጸሐፊው ያልጠቀሱት፣ ቢጠቅሱት ግን ለክሳቸው ከላተራን ይልቅ ይረዳቸው የነበረው ምሳሌ ፍሎረንስ ነው። በዚያ ከ1565 ጀምሮ በሳንታ ማሪያ ኖቬላ፣ በዓመቱም በሳንታ ክሮቼ፣ ጆርጆ ቫሳሪ በመስፍኑ ቀዳማዊ ኮዚሞ ትእዛዝ ትራሜዞ የሚባለውን አጥር አፈረሰ። ትራሜዞ አዳራሹን አቋርጦ ቆሞ የመነኮሳቱን ክፍል ከሕዝቡ የሚለይ፣ በራሱ ላይ መሠዊያዎችና የጸሎት ክፍሎች የነበሩት ግንብ ነበር። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተለይተው፣ መቅደሱም በመጋረጃ ተሰውሮ ለሚያውቅ አንባቢ የነገሩ ክብደት አይጠፋውም። ከትሬንት በኋላ የነበሩት የጣልያን ጳጳሳትና መሳፍንት ምእመኑ ዋናውን መሠዊያና በላዩ የሚቀደሰውን ኅብስት ከበር ጀምሮ እንዲያይ ፈለጉ፤ የመነኮሳቱ መቀመጫ ወደ መሠዊያው ጀርባ ሄደ፤ በትራሜዞው ላይ የነበረው ሥዕልና መቃብርም ተበተነ። ይህ እውነተኛ ጥፋት ነው፤ መንፈሱም በእርግጥ የትሬንት መንፈስ ነው፤ ነገር ግን ቫሳሪም ሥራውም ባሮክ አይደሉም፤ ባሮክ ገና አልተወለደም።

በዚያው በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ግን አንድ ነገር ሆኗል። ማዛቾ በ1427 ገደማ በጎን ግድግዳ ላይ የሣለው የሥላሴ ሥዕል ቫሳሪ አዲስ መሠዊያ ሊያቆም በፈለገበት ቦታ ላይ ነበር። ቫሳሪ ይህን ሥዕል ያውቀዋል፤ በጽሑፉም አድንቆታል። ስለዚህ አልፋቀውም፤ በላዩም አልለሰነበትም፤ የራሱን የመቁጠሪያይቱ እመቤት ሥዕል የያዘ መሠዊያ ከፊቱ አቁሞ ሸፈነው። በ1860 ገደማ የቫሳሪ መሠዊያዎች ሲነሡ የማዛቾ ሥዕል ከጀርባ ወጣ። ያን ጊዜ ያገኙት አዳሾች ከግድግዳው አላቀው ወደ መግቢያው በር ውስጠኛ ግድግዳ ወሰዱት፤ የሥዕሉን ታችኛ ክፍል፣ አጽም ተጋድሞ የሚታይበትን፣ ሳያዩት ቀሩ። ሁለቱ ክፍሎች በጥንቱ ቦታቸው የተገናኙት በ1952 ነው። ሥዕሉን ለ300 ዓመት ያህል የጠበቀው ተከሳሹ ሲሆን ከቦታው ያፈናቀለው አዳኝ የተባለው ነበር።

አሁን ወደ ላተራን እንግባ። እስከ 1646 ድረስ እንደተሠራ የኖረ የመካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ነበር የሚለው አነጋገር ከሁሉ ይልቅ አስገርሞኛል። ሕንፃው በመሠረቱ የመካከለኛው ዘመን አይደለም፤ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በቆስጠንጢኖስ የተሠራ፣ በዓምዶች የተከፈሉ አምስት መተላለፊያዎች የነበሩት ባዚሊካ ነው። በ9ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በመሬት መንቀጥቀጥ ወደቀ፤ በቀጣዩ መቶ ዘመን መጀመሪያ ሰርጊየስ 3ኛ አሠሩት። ኒኮላስ 4ኛ በ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ከዋናው መሠዊያ በስተጀርባ ያለውን፣ አፕስ የሚባለውን ግማሽ ክብ ክፍል አድሰው በያኮፖ ቶሪቲ ሞዛይክ አስጌጡት። በ1308 ተቃጠለ፤ በ1361 ዳግመኛ ተቃጠለ። ማርቲን 5ኛ በ15ኛው መቶ ዘመን ወለሉን በባለ ቀለም እብነ በረድ አስነጠፉ፤ ግድግዳውንም ማሣል ጀመሩ። ፒየስ 4ኛ በ1560ዎቹ ያጌጠውን የእንጨት ኮርኒስ አሠሩ። ክሌመንት 8ኛ ደግሞ ለ1600 ኢዮቤልዩ ሲሉ ተሻጋሪውን ክንፍ፣ አዳራሹን በመስቀል ቅርጽ የሚያቋርጠውን ክፍል፣ በጃኮሞ ዴላ ፖርታ አሳደሱት፤ ሥዕሎቹንም ካቫሊየር ዳርፒኖ ከረዳቶቹ ጋር ሠራቸው። ጸሐፊው የሚናገሩለት ያልተነካ ሕንፃ የቱ ነው? የ4ኛው መቶ ዘመን? የሰርጊየስ? የማርቲን? ቦሮሚኒ የተረከበው ከሺህ ዓመት በላይ ሲወድቅና ሲነሣ፣ ሲቃጠልና ሲጠገን የኖረ ግንብ ነው።

የተረከበውም በምን ሁኔታ እንደነበረ መታወቅ አለበት። በእሳቱ የተጎዱት የመካከለኛው አዳራሽ ዓምዶች ቀደም ብለው በጡብ ተሸፍነው ነበር። ከላያቸው የተሸከሟቸው ረጃጅም ግድግዳዎችም ከቁም መስመራቸው ወጥተው አዘንብለው ነበር። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 10ኛ በ1646 ሥራውን ለቦሮሚኒ የሰጡት፣ አማካሪያቸው አባ ቪርጂሊዮ ስፓዳ እየተከታተሉት፣ ለ1650 ኢዮቤልዩ እንዲደርስ ነው። የመንፈሳዊ ተጓዦች ጎርፍ በአራት ዓመት ውስጥ ይመጣል፤ ግድግዳው አዘንብሏል። ከዚህ ሁኔታ የሚነሣው የመጀመሪያው ጥያቄ የጌጥ ጥያቄ አይደለም።

ቀላሉ መንገድ ሙሉ በሙሉ አፍርሶ መሥራት ነበር፤ በቅዱስ ጴጥሮስ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ኢኖሰንት ግን ይህን ከለከሉ። የባዚሊካው የቀድሞ ቅርጽ እንዲጠበቅ፣ አምስቱ መተላለፊያዎች እንዲቆዩ፣ የፒየስ 4ኛ ኮርኒስም እንዳይነሣ አዘዙ፤ በ1647 ባወጡት ጽሑፍም ፈቃዳቸው ይኸው እንደሆነ አረጋገጡ። ቦሮሚኒ አዳራሹን በግንብ ጣሪያ ሊሸፍነው ፈልጎ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። ጸሐፊው ጥንቱን የናቀ አድርገው የሣሉት ሥልጣን የአርክቴክቱን እጅ የያዘው ለጥንቱ ሲል ነው። ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ ወደ ላይ ለሚያይ ሰው ይህ ግልጽ ነው፦ ከታች የሚነሡት ግዙፍ የግድግዳ ምሰሶዎች ወደ ጣሪያው ሲደርሱ የሚያርፉበት ቅስት አጥተው በጠፍጣፋው ኮርኒስ ሥር በድንገት ይቆማሉ። እንደ ሥነ ሕንፃ ካየነው ጉድለት ነው፤ እንደ ታሪክ ማስረጃ ካየነው ግን የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ትእዛዝ በድንጋይ ተጽፎ ይነበባል።

ቦሮሚኒ በተሰጠው ገደብ ውስጥ ያደረገው እንዲህ ነው። ጎን ለጎን የቆሙትን ጥንታውያን ዓምዶች ሁለት ሁለቱን በአንድ ወፍራም ምሰሶ ውስጥ ከተታቸው፤ በምሰሶዎቹ መካከል በእያንዳንዱ ጎን አምስት ቅስቶች ከፈተ። ያዘነበለው ግድግዳ አዲስ አጥንት አገኘ፤ አሮጌውም ከውስጡ አለ። በምሰሶዎቹ ፊት ለሐውልት የሚሆኑ 12 ማደሪያዎች ሠራ። በእያንዳንዱ ማደሪያ ግራና ቀኝ የቆሙት አረንጓዴ የእብነ በረድ ዓምዶች በድምሩ 24 ሲሆኑ፣ ከጥንቱ ባዚሊካ የጎን መተላለፊያዎች የተወሰዱ ናቸው። ከጥንቱ የተረፈ የለም የሚለውን ዐረፍተ ነገር ለማፍረስ እነዚህ 24 ዓምዶች ይበቁ ነበር። በጎን መተላለፊያዎቹ ደግሞ በኮርኒሱ ሥር ክንፎቻቸውን ያጠፉ የኪሩቤል ራሶች አሉ፤ እንዲያው ለጌጥ የተደረጉ ቢመስሉም አንገታቸውን ጎንበስ አድርገው ጣሪያውን እንደ ተሸከሙ ሆነው ነው የተቀረጹት። ቦሮሚኒ ጌጥን ሸክም የሚያሸክም ሰው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ዓይናችንን ማሳረፍ ያለብን ከማደሪያዎቹ በላይ፣ በኮርኒሱ አጠገብ ባሉት ሞላላ ክፈፎች ላይ ነው። ዛሬ በውስጣቸው የነቢያት ሥዕሎች አሉ፤ ሥዕሎቹ ግን የተጨመሩት በ18ኛው መቶ ዘመን በክሌመንት 11ኛ ጊዜ ነው። በቦሮሚኒ አሠራር እነዚህ ክፈፎች ባዶ ነበሩ፤ በዙሪያቸው በስቱኮ ማለትም በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት ልስን የተሠራ የአበባና የቅጠል ጉንጉን ነበራቸው፤ በመካከላቸው የሚታየው የጥንቱ ግድግዳ ጡብ ነበር። ያልተለሰነ፣ ያልተቀባ፣ እሳት ያየ ጡብ። የቅዱሳን ዐፅም በብር ሣጥን እንደሚከበር የጥንቱ ግንብም በጉንጉን ተከብቦ ለምእመኑ ይታይ ነበር። ጥንቱን ሊደብቅ የተነሣ ሰው በአዲሱ ልስን ላይ መስኮት ከፍቶ ለምን ያሳየዋል? ጸሐፊው ይህን ቢያውቁ ኖሮ ክሳቸው የሚዞረው ወደ ክሌመንት 11ኛ ሥዕሎች ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቦሮሚኒ ለዚህ ሥራ የነበረው ቅናት አስፈሪም ነበር። በ1649 መጨረሻ ማርካንቶኒዮ ቡሶኔ የተባለ ሰው በግንባታው ቦታ ድንጋይ ሲያበላሽ ተይዞ፣ በቦሮሚኒ ትእዛዝ ተደብድቦ ሞተ። አርክቴክቱ ከከባድ ቅጣት የዳነው በኢኖሰንት ምሕረት ነው። ይህን ለሙገሳ አላነሣሁትም፤ የአንድ ሰው ሕይወት የጠፋበት ነገር ነው።

ስለ ወርቁና ስለ ግዙፎቹ ሐውልቶች ብዙ ማለት አያስፈልግም። በቦሮሚኒ አዳራሽ ውስጥ ያለው ቀለም በአብዛኛው ነጭና ግራጫ ነው፤ ወርቁ ያለው እሱ ከመምጣቱ 80 ዓመት ያህል በፊት በተሠራው ኮርኒስ ላይ ነው። 12ቱ የሐዋርያት ሐውልቶች የቆሙት ከ1703 እስከ 1718 ነው፤ ቦሮሚኒ የሞተው በ1667 ነው። በእሱ ዕድሜ ማደሪያዎቹ ባዶ ነበሩ። የሐውልቶቹ ወጪም የተሸፈነው ከተለያዩ ለጋሾች ሲሆን፣ ለምሳሌ የቅዱስ ቶማስን ሐውልት ወጪ የከፈሉት የፖርቱጋሉ ንጉሥ ዳግማዊ ፔድሮ ናቸው። የፊት ለፊቱ ገጽታም ቢሆን ከ1732 በኋላ የአሌሳንድሮ ጋሊሌይ ሥራ ነው። ጸሐፊው ከ100 ዓመት በላይ የወሰደ ሥራ ሰብስበው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ጭነዋል።

የጠፋውን ለመናገር ቃል ገብቼ ነበር። ከጠፋው ሁሉ የሚያንገበግበው በማርቲን 5ኛ ዘመን በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የተሣለው የመጥምቁ ዮሐንስ ታሪክ ነው። ጄንቲሌ ዳ ፋብሪያኖ በ1427 ጀመረው፤ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ፒዛኔሎ ቀጠለው። በቦሮሚኒ እድሳት ጠፋ። ከቦሮሚኒ ዘንድ የወጣ አንድ ንድፍ ከፊሉን ያሳየናል፤ ይህም ለሚያውቁት ሰዎች መጽናኛ ከመሆን ይልቅ ቁጭት የሚጨምር ነው። በአዳራሹና በመተላለፊያዎቹ የነበሩ መቃብሮችም ከቦታቸው ተነሥተዋል። ነገር ግን ተነሥተው አልተጣሉም፤ በእስክንድር 7ኛ ጊዜ ቦሮሚኒ የመካከለኛውን ዘመን ጳጳሳትና ካርዲናሎች መቃብር ስብርባሪ ሰብስቦ በጎን መተላለፊያዎቹ አዲስ ክፈፍ ሠራላቸው። እያንዳንዱ ክፈፍ የተለየ ነው። በ1447 የሞቱት የፖርቱጋሉ ካርዲናል የአንቶኒዮ ዴ ቻቬስ መቃብር ቅርጻ ቅርጾች ከእነዚህ አንዱ ናቸው። ይህን አሠራር አንዳንድ የታሪክ ሰዎች የመጀመሪያው የቅርስ አያያዝ ንቃት ምልክት ይሉታል፤ እኔ ያን ያህል አልሄድም፤ ንቀት አለመሆኑ ግን አያጠራጥርም።

ጸሐፊው በላተራን አካባቢ የፀረ ተሐድሶ አፍራሽ ከፈለጉ ብዙ መሄድ አያስፈልጋቸውም ነበር። ሲክስቱስ 5ኛ በ1586 ከባዚሊካው አጠገብ የነበረውን፣ ርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ለሺህ ዓመት ያህል የኖሩበትን የላተራን ቤተ መንግሥት በዶሜኒኮ ፎንታና አስፈረሱት። የግል ጸሎት ቤቱና ቅዱስ ደረጃ የሚባለው ብቻ ተረፉ፤ ደረጃውም ወደ አዲስ ቦታ ተዛወረ። ያንን ድርጊት ለመከላከል የምጽፈው ነገር የለኝም። ከቦሮሚኒ ጋር ግን የሚያገናኘው ሰፈሩ ብቻ ነው።

የ19ኛው መቶ ዘመን አዳሾች አዳኞች ነበሩ የሚለው ነጥብ ለላተራን ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው። ቦሮሚኒ አፕሱን አልነካም፤ የቶሪቲ ሞዛይክ በቦታው ነበር። በ1880ዎቹ በሊዮ 13ኛ ዘመን ለመዘምራኑ ቦታ ሰፋ እንዲል ሲባል አፕሱ ፈረሰ፤ ወደ ኋላ ተገፍቶም አዲስ ተሠራ፤ ሞዛይኩም ወርዶ እንደገና ተሠራ። የሥራው አርክቴክቶች ቪርጂኒዮ ቬስፒኛኒ እና ልጁ ፍራንቼስኮ ናቸው። አንድሬያ ቡዚሪ ቪቺ የተባለ ሌላ አርክቴክት የጥንቱን አፕስ ሳይፈርስ እንዳለ በማሽን ኃይል ወደ ኋላ መግፋት ይቻላል ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም። እናም ዛሬ በላተራን አፕስ የምናየው የመካከለኛው ዘመን ሞዛይክ በ19ኛው መቶ ዘመን እጅ የተሠራ ነው፤ ባሮክ ያልደፈረውን የጥንት አፍቃሪ ነን ያሉት ደፈሩት።

ባሮኩ ተልጦ ይውረድ የሚለውም የተሞከረ ነገር ነው። በሮማ የሳንታ ማሪያ ኢን ኮስሜዲን ቤተ ክርስቲያን በ1718 በጁዜፔ ሳርዲ የተሠራ ባሮክ ገጽታ ነበረው፤ በ1890ዎቹ ተነሥቶ በምትኩ የመካከለኛው ዘመን መልክ ተሠራለት። ዛሬ ጎብኚው የ12ኛውን መቶ ዘመን እንዳየ አምኖ የሚወጣበት ገጽታ ከፊሉ የዚያ እድሳት ነው። የጠፋው የሳርዲ ሥራ እውነተኛ የ18ኛ መቶ ዘመን ሥራ ነበር።

ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። በቫቲካን፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ በስተጀርባ፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያውያን መነኮሳት ማረፊያ የነበረው የቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 በሮማ ሲያሳትሙ የኖሩት በዚያ ነው፤ የላተራን ሥራ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ በ1649፣ አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር የተገናኙትም በዚያው ነው። የበሩ ክፈፍ በ12ኛው መቶ ዘመን የተቀረጸ፣ በግና መስቀል ያለበት እብነ በረድ ነው፤ በዙሪያው ያለው የፊት ለፊት ግድግዳ የክሌመንት 11ኛ ዘመን የ18ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። በጸሐፊው ሐሳብ ግድግዳው ይፍረስ ከተባለ በሩ የሚቆመው በምን ላይ ነው?

የመጨረሻው ነጥብ የሱስንዮስ ዘመን ነው። ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 ደርሶ፣ በየካቲት 1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ እምነት ከገቡ በኋላ፣ ሕዝቡ ዳግመኛ እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ ዳግመኛ እንዲካኑ፣ አብያተ ክርስቲያናቱም እንደገና እንዲቀደሱ ማዘዙ የታወቀ ነው። ያስከተለው ደም መፋሰስና የ1632 የንጉሡ ዐዋጅም እንዲሁ። ነገር ግን ይህ የጥምቀትና የክህነት፣ የበዓላትና የሥርዓት ጠብ ነው። ኢየሱሳውያን በጎርጎራና በደንቀዝ የገነቧቸው ሕንፃዎች አዳዲስ ነበሩ። በላተራን የሮማ ጳጳስ የራሱን መንበር አሳደሰ፤ በደንቀዝ ከውጭ የመጣ ሰው የሌላውን ጥምቀት ጥምቀት አይደለም አለ። ሁለቱን አንድ ማድረግ በእኛ ላይ የደረሰውን የሚያቀል እንጂ የሚያከብድ አይመስለኝም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ከሐሳባቸው ጋር የሚቀራረብ አንድ ቦታ ግን በጎጃም ይገኛል። እርሱም መርጡለ ማርያም ነው። ንግሥት እሌኒ ያሠሩት፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት የተቃጠለ፣ በሱስንዮስ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያን በፍርስራሹ ላይ መልሰው የሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው። በቆመው ግንብ ላይ ካሉት የድንጋይ ቅርጾች የትኛው የእሌኒ፣ የትኛው የኢየሱሳውያኑ እንደሆነ የሚያጠኑት ሰዎች እስካሁን ይከራከራሉ። በዚያም ቢሆን ኢየሱሳውያኑ የደረሱት ቆሞ በነበረ ቤተ ክርስቲያን ላይ አልነበረም፤ ከመቶ ዓመት ያህል በፊት በተቃጠለ ግንብ ላይ ነው።